ምርቃቴን የቆረጠው ኮምፒውተር

የካቲት 15 ቀን 2017፣ ቅዳሜ

እስክሪብቶውን የያዘችው ሱሃይላ ናት። እጁ የእሷ ነው፣ አፉ የእኔ። እኔ ኦሊቃ እባላለሁ፤ ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትም። ሱሃይላ ግቢዬ ውስጥ ተከራይታ የምትኖር፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግታ ለሰው ማመልከቻ የምትጽፍ ሴት ናት። አሁንም «ለክቡር» ብላ ስትጀምር አስቆምኳት። ክቡር የለም። የምከሰው ልጄን ነው።

ለምን አጽፋለሁ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሳስታርቅ፣ የተጣላ ሁሉ እየመጣ «ያኔ እንዲህ አለኝ፣ ያኔ እንዲህ አደረገኝ» ሲል «ያኔ መቼ ነው? ቀኑን ይዘህ ና!» ብዬ የመለስኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ተራው የእኔ ሆነ። ሽማግሌ ፊት ስቀርብ ቀኑን ይዤ ነው የምቀርበው።

ነገሩ ይኸውላችሁ። በጥር ወር ወንጂ ላይ የቀልቤሳን ልጅ ኦብሴን ዳርን። መራቂው እኔ ነበርኩ። ከአዳማ እስከ ወንጂ ከእኔ ሌላ ማን ይመርቃል? ቪዲዮውን የሠራው የልጄ የአያንቱ ቪዲዮ ቤት ነው። ሸሪኳ ዛኪር ካሜራ ይይዛል፣ እሷ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች። ትናንት «ፊልሙ ደርሷል» ተብሎ ቀልቤሳ ቤት ተጠራን። ሃምሳ ሰው ተቀምጧል። ሚዜ ሲጨፍር አየን። ኬክ ሲቆረስ አየን። ድሮን የሚሏት በራሪ ካሜራ የሸንኮራውን ማሳ ከላይ ስትዞረው አየን። ከዚያ እኔ ተነሳሁ፣ በትሬን ይዤ። «ሆራ ቡላ!» አልኩ፣ ተባዙ፣ ሰንብቱ ማለት ነው፤ ሕዝቡ «ሃ ተኡ!» አለ፣ ይሁን። ደገምኩ፤ «አሜን!» አሉ። ወዲያው ዘፈን መጣና አፌ እየተንቀሳቀሰ ድምፄ ጠፋ። ከዚያ መኪና። ጎማ! በእኔ ፈንታ የመኪና ጎማ ሲሽከረከር አሳዩ!

ቀልቤሳ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሚስቱ ሶረቲ «ቆሎ ይጨመር» ብላ ተነሳች። ከሃምሳው ሰው አንድ እንኳ ቀና ብሎ ያየኝ የለም።

ምርቃት ዘፈን አይደለም፣ አይቆረጥም። መጀመሪያው ልጅ ይሰጣል፣ መሐሉ ጤና ይሰጣል፣ መጨረሻው ሽምግልና ይሰጣል። መሐል ላይ ያቋረጠ ሰው ልጅቱን የት ጥሏት እንደሄደ ያስብበት። ይህን አስምሪበት።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ጾሙ ተያዘ። እኔ ግን በባዶ ሆዴ ተናድጄ ነው የዋልኩት።

አያንቱ ሥራ ቤት ሄድኩ፤ ፎቅ ላይ ነው፣ ደረጃው ይረዝማል። «ለምን ቆረጥሽኝ?» አልኳት።

«አባዬ፣ ኮምፒውተሩ አይሸከምም» አለች። «የአራት ካሜራ፣ የአምስት ሰዓት ቪዲዮ ነው። ሲበዛበት ደርቆ ይቆማል። የግድ ማሳጠር ነበረብኝ።»

«ከኬኩ ለምን አላሳጠርሽም? ኬኩ ዘጠኝ ደቂቃ ነው።»

ገመድ መጠቅለል ጀመረች።

«የእኔ ስንት ደቂቃ ነበር?»

«ረጅም ነበር።»

«ስንት?»

«ረጅም ነበር፣ አባዬ።»

እሺ። ማሽን ካልቻለ የሚችል ይገዛል። ለነገሩ ከፋሲካ በኋላ ለሚመጣው የሠርግ ሥራ አዲስ ሊገዙ ተነስተዋል፤ በምርጫው ግን አልተስማሙም። እሷ ጠረጴዛ ላይ የሚተከለውን ትልቁን ትላለች። ዛኪር ላፕቶፕ ይላል፣ መተሃራም ሻሸመኔም ይዞት ሊሄድ። «የምመርጠው እኔ ነኝ» አልኳቸው። ተያዩ።

«አባባ፣ ኮምፒውተር እኮ ነው» አለ ዛኪር።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ወንጂ ፋብሪካ ስኳር ያበሰልኩ ሰው ነኝ። ፓን የምንለው ማብሰያ ቤት ያህላል። ኢንጂነሩ መነጽሩን ሰክቶ የግፊት መለኪያው ላይ ሲያፈጥጥ፣ እኔ ሽሮፑን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሐል ሳብ አድርጌ «ደርሷል፣ ልቀቁ!» እል ነበር። አንድም ቀን አልሳትኩም። ኮምፒውተር ከስኳር ይበልጣል?

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ሱሃይላ ባለጉዳይ አለባት፣ ቸኩላለች። አጭር ነው።

ደረጃውን ስወጣ ዛኪር ከውስጥ ሲናገር ሰማሁ፤ «ሽማግሌው ራሱ ቢያየው ምን ይለን ይሆን?» አያንቱ፤ «አያየውም።» ስገባ ወሬ ቀየሩ። ዋጋውን ነው የሚደብቁኝ። ደርሼበታለሁ።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ከዛኪር ጋር ኮምፒውተር ቤት ሄድን። እሱም ሮመዳን ይዟል፣ ከንፈሩ ደርቋል፤ እኔም ጾመኛ ነኝ። ሁለት ጾመኛ ባለሱቅ ፊት ቆምን።

ሻጩ ፂሙን አሹሎ የተላጨ ጎልማሳ ነው። «ፋዘር፣ አረፍ ይበሉ» አለኝ። ፋዘር! አባቱ ይስማው! መጀመሪያ ያሳየን ሳጥን በቀይና በአረንጓዴ መብራት ያሸበረቀ ነው።

«መብራቱ ምን ይሠራል?» አልኩት።

«ያምራል።»

«እንግዲያው ለሠርግ አዳራሽ ሽጠው።»

ክፈተው፣ ሆዱን ልየው አልኩ። እየሳቀ ከፈተው። ዛኪር ጣቱን እየቀሰረ አስረዳኝ። ፕሮሰሰሩ እሳቱ ነው። ራም የሚሉት ሥራ የሚዘረጋበት ጠረጴዛ ነው፤ ጠረጴዛው ከጠበበ ሥራው መሬት ይወድቃል። ግራፊክስ ካርዱ ለምስልና ለቀለም ብቻ የተጣደ ሁለተኛ ምድጃ ነው። ዲስኩ ጎተራ ነው፤ አንዱ ትንሽና ፈጣን፣ አንዱ ትልቅና ቀርፋፋ። ይህን ለመረዳት ዲግሪ ያስፈልጋል?

ከዚያ እነሱ ያልጠየቁትን እኔ ጠየቅኩ። «ሥራችሁ ምንድን ነው?» ምን እንደምትዘራ ሳታውቅ ማሳ አትከራይም! ዛኪር ዘረዘረልኝ። የሶደሬው ሎጅ ማስታወቂያ አለ፤ አንድ ደቂቃ ነው፣ ነገር ግን ውኃው ማብለጭለጭ፣ ቀለሙ ማማር አለበት። የኩየራ መዘምራን አሉ፤ አንድ መዝሙር፣ ስድስት ካሜራ፣ የሁሉም አፍ ከድምፁ ጋር መግጠም አለበት። ስልክ ላይ የሚለቀቁ አጫጭሮች አሉ፤ እነሱን ዛኪር ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ በስልኩ፣ ካፕካት በሚሉት መቁረጫ ይጨርሳቸዋል። ሠርግ አለ፤ አምስት ሰዓት።

ፈረድኩ። በስልክ የሚያልቀው በስልክ ይለቅ፣ ለእሱ ማሽን አትግዙ። ለሶደሬውና ለመዘምራኑ ካርዱ ይጠንክር። ለሠርጉ ጠረጴዛውና ጎተራው ይስፋ፤ የዕለቱ ሥራ ፈጣኑ ጎተራ ላይ፣ ያለቀው ትልቁ ላይ።

«ይመችዎት ፋዘር! የት ነው የተማሩት?» አለ ሻጩ።

«ወንጂ» አልኩት።

ዛኪር የወደደውን ላፕቶፕ ደግሞ እጄን ጀርባው ላይ ጫንኩበት። ከጠዋት ጀምሮ ሲሠራ የዋለ ነው፣ እንደ ምጣድ ይፋጃል። «ይህ በሚያዝያ ሙቀት መተሃራ ላይ ይሞታል» አልኩ። ሻጩ ሊከራከረኝ አፉን ሲከፍት መብራት ጠፋ። ጨለማ ውስጥ ቆምን። ቆቃ አፍንጫችን ሥር ተገድቦ፣ እኛ ጨለማ! «ባትሪም ጨምርበት፤ መብራት ሲሄድ ሥራውን የሚይዝ» አልኩት። ዩፒኤስ ይባላል አለኝ። የፈለገውን ይባል።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ዛሬ ደግሞ ሶፍትዌር በሚሉት ተጣሉ። ማሽኑ ምድጃው ከሆነ ሶፍትዌሩ የአበሳሰሉ ዘዴ ነው፤ ገብቶኛል።

አያንቱ ስምንት ዓመት የሠራችበት አላት። በየወሩ በዶላር ካርድ የሚከፈልበት ነው፤ እዚህ ያንን ካርድ ማን ይሰጣታል? ስለዚህ ቁልፉ የተሰበረውን፣ ክራክ የሚሉትን ነው የጫነችው። ባለፈው ወር ሥራ መሐል ራሱን ዘጋባት፣ የሁለት ቀን ድካሟን ይዞ ሄደ። ዛኪር «ዳቪንቺን እንጠቀም፤ በነጻ በሕጋዊ መንገድ ይወርዳል፤ ጠንካራ ካርድ ይፈልጋል እንጂ፣ እሱን ደግሞ አባባ መርጠውልናል» ይላል።

«እጄ የለመደውን ትቼ? ለመልመድ ሦስት ወር ይፈጅብኛል!» አለች።

እንደ ሽማግሌ አስቀምጬ አዳመጥኳቸው። ከዚያ «የሰው በር ሰብሮ የገባ ሰው ተኝቶ አያድርም» አልኳት። «ሁዳዴ ነው፤ ከዚህ እስከ ፋሲካ የክርስቲያን ሠርግ የለም። አርባ አምስት ቀን ሥራ ፈትተሽ ከምትቀመጪ አዲሱን ተማሪ። ጾሙ ሲፈታ እጅሽም ይፈታል።»

አየችኝ። «አንተ እኮ ጎበዝ ነህ፣ አባዬ» አለችና ዓይኗ ውኃ አቀረረ። ምን ሆንሽ ስላት «የስክሪኑ ብርሃን ነው» አለች። እውነትም የእነዚህ ሰዎች ሥራ ዓይን ይጎዳል።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ሱሃይላ፣ ይህን እስካሁን አልነገርኩሽም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ወንጂ ስኳር ያበሰልኩ ሰው ነኝ። ኢንጂነሩ የግፊት መለኪያው ላይ ሲያፈጥጥ፣ እኔ ሽሮፑን በሁለት ጣቴ ሳብ አድርጌ «ደርሷል፣ ልቀቁ!» እል ነበር።

«ጽፌዋለሁ እኮ፣ አባባ» ትለኛለች። ገጹን ገልጣ ታሳየኛለች፤ እኔ ምን አውቄ። ዋሾ አይደለችም፣ ጾም አድክሟት ነው። ደግመሽ ጻፊው። ጥሩ ነገር ሁለቴ ቢጻፍ ወረቀቱ አይቀደድም።

ባለቤቴ ውዴም ዛሬ ተነሳችብኝ። ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ ከሰዓት በኋላ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ሱቁ ተዘግቷል አልኳት። «የቱ ሱቅ?» አለች። የቱም ሱቅ ቢሆን ምን ቸገራት? በዚህ ቤት መርማሪ በዝቷል።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ቀስ ብለሽ ጻፊ። ዛሬ አንድም ቃል እንዳይቀር።

ማሽኑ ሊገዛ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ዛኪርን «ይህን አሮጌ ላፕቶፕ ምን ታደርጉታላችሁ? ጣሉት» አልኩት።

«ኧረ አይጣልም፣ አባባ! ገጠር ስንወጣ ከካሜራው ካርድ እየገለበጥን የምናስቀምጥበት እሱ ነው። ደግሞም ዘዴውን ካወቁበት ይሠራል። ከባዱን ቪዲዮ ወስደን ቀለል ያለ ቅጂ እናወጣለታለን፤ ፕሮክሲ ይባላል። በቀላሉ ቅጂ ላይ ቆርጠን ቀጥለን እንጨርሳለን፣ መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሩ ራሱ በከባዱ ይተካዋል። አራት ዓመት ሙሉ ስንት ሠርግ ጨረስንበት!»

«አምስት ሰዓቱንም ይችላል?»

«የሻሸመኔው እኮ ሰባት ሰዓት ነበር!» አለ፣ ኩራት ይዞት። ከዚያ ፊቴን አየና ምላሱን ዋጠ።

እንግዲህ ይሸከም ነበር። ሰባት ሰዓት የተሸከመ ማሽን የእኔ ምርቃት ከበደው! ልጄ ዋሸችኝ። በሐሰት ምስክር ስንቱን ያሳፈርኩ ሰው፣ ውሸታም ከቤቴ ወጣ። እኔም እንደ ሞኝ ማሽን ልመርጥላት ፀሐይ ላይ ስንከራተት ሰነበትኩ።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

«ለምን?» አልኳት።

«አባዬ፣ ተወው።»

«ያልተቆረጠውን አሳዪኝ።»

«ፋይሉ ጠፍቷል።»

«ትናንት ማሽኑ አልቻለም፣ ዛሬ ፋይሉ ጠፋ፤ ነገ ደግሞ ጅብ በላው በይኝ! ሽማግሌ ማለት ለፎቶ በትር ይዞ የሚቆም ግንድ ነው? ለሁለት አሜን አቁመሽኝ፣ ከዚያ በጎማ ለወጥሽኝ!»

ወደ ስክሪኑ ዞረች። ጀርባዋ አበገነኝ። «ከእንግዲህ ከእኔ አፍ ምርቃት አታገኚም» አልኳት። ዛኪር «አባባ!» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ።

ይህን አትጻፊው።

ጻፊው። ከአፌ ወጥቷል።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ክሴን የሚሰማው ሽማግሌ ያደታ ቀን ቆረጠ። ለመጋቢት 22። ሁለት ሽማግሌ ይዞ ይመጣል።

አያንቱ እሑድ ለምሳ አልመጣችም።

ውዴ ሽሮውን እያማሰለች «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለች። ምን ማለትሽ ነው ስላት «ምንም» አለች። እኔ ደንቆሮ አይደለሁም።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ማሽኑ ገባ። ጥቁር ሳጥን ነው፣ መብራት የለውም፣ ልክ እንዳልኩት። ጎኑ ወንፊት ነው፣ ሙቀቱን ያስወጣል። ባትሪው ከሥሩ ተቀምጧል። ዛኪር ሲያስነሳው ድምፅ እንኳ አላሰማም።

አያንቱ ናት ያስጠራችኝ። ወንበር ስባ «ቁጭ በል» አለች። ከተጣላን ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። «አንተ የመረጥከው ማሽን ይችል እንደሆነ እንይ» ብላ የወንጂውን ሠርግ ከፈተች። ጠፋ ያለችውን። ቅጂውን አይደለም፣ ከባዱን፣ አራቱን ካሜራ ጎን ለጎን። ማሽኑ አልተንገዳገደም።

አራት ቦታ ቆሜያለሁ። አንዱ ከፊቴ፣ አንዱ ከጎኔ፣ አንዱ ከሩቅ፣ አንዱ ሕዝቡን ያያል።

ጥሩ ነው የጀመርኩት፤ ድምፄ ወፍራም ነው፣ ያየ ይመስክር። አሜን አሉ። ከዚያ በትሬን ወደ ሙሽሮቹ ዘርግቼ «ሶረቲና ቀልቤሳ፣ ውለዱ ክበዱ» አልኩ።

ሶረቲ የሙሽሪት እናት ናት። ቀልቤሳ አባቷ ነው። ሙሽሪት ኦብሴ ፊቴ ቆማለች፣ ሙሽራው ሰንበታ አጠገቧ ቆሟል፣ እኔ እናቷን ለአባቷ ዳርኩ። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት እነሱንም የመረቅኋቸው እኔው ነኝ። ልጅቱም ቁርጥ እናቷን ናት። እንዲህ የሚመስል ልጅ የወለዱት እነሱ ናቸው፣ እኔ ምን ላድርግ!

ሰው ይሳሳታል። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ይህን ብቻ ቢሆን ስቄ ባለፍኩት። ምርቃቱን ጨረስኩ፣ አሜን አሉ፣ ተቀመጥኩ። ሚዜዎቹ ሊነሱ ሲሉ እንደገና ቆምኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ያንኑ፣ አንድ ቃል ሳይጎድል። ሶረቲና ቀልቤሳ። ጨረስኩ። ከዚያ ሦስተኛ። ሃያ ሰባት ደቂቃ።

በአራተኛው ካሜራ የሕዝቡን ፊት አየሁ። ሦስቱንም ጊዜ አሜን አሉ። ልጆች ሊስቁ ሲሉ እናቶቻቸው አፋቸውን አፈኑ። ሶረቲ መሬት መሬት እያየች «አሜን» ትላለች። መጨረሻ ላይ አያንቱ ከአንዱ ካሜራ ጀርባ ወጥታ ክንዴን ይዛ ስታስቀምጠኝ አየሁ።

ያን አላስታውሰውም።

ሙቀት ነበር ያን ቀን። ድንኳኑ ላስቲክ ነው።

«ለዚህ ነው፣ አባዬ» አለች።

ማሽኑ አልቆመም። እስከ መጨረሻው አሳየኝ። ደህና ማሽን ነው።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ዛሬ የሚጻፍ የለም።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

የሙሽሪት እናትና አባትም ያውቁ ነበር። ውዴ ታውቅ ነበር። ዛኪር፣ ወንጂ በሙሉ፣ ሱሃይላም ሰምታ ነበር፤ ዛሬ ጠይቄያት አልካደችኝም። ሁሉም በሚያውቀው ጥፋት ተከሳሹ እኔ ብቻ አልተጠራሁበትም! ይህን ነው የማልምረው። ስሳሳት አንድ ሰው እጁን አንስቶ «ኦቦ ኦሊቃ፣ ኦብሴ ናት» ቢለኝ ይሞት ነበር? እንደ ሕፃን ያዙኝ። አሜን፣ አሜን፣ አሜን።

ልጄን ግን ያለ ጥፋቷ ነው የሰደብኳት።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ትናንት ዒድ ነበር፤ ሱሃይላ ለእኛ ለጾመኞች ለብቻ ተምርና ብርቱካን ላከችልን። ዛሬ ሽማግሌዎቹ መጡ። ያደታ ገና ሳይቀመጥ «ክሱን አንስቻለሁ» አልኩት።

«ታዲያ ለምን በዚህ ፀሐይ አስመጣኸን?»

«ሌላ ክስ አለኝ። ሙሉው ፊልም ለቀልቤሳ ቤት ይሰጥ። ሃያ ሰባቱም ደቂቃ።»

አያንቱ ተነሳች። «ሰው ይስቅብሃል! ስልክ ላይ ይለቁታል፣ መላ አዳማ ይቀባበለዋል። የምቆርጠው እኔ ነኝ፣ ቤቱ የእኔ ነው።»

«ይሳቅ! ምርቃት አይቆረጥም ብዬ ስጮህ የከረምኩት እኔ ነኝ። ሲያምርልኝ አይቆረጥም፣ ሲያሳፍረኝ ይቆረጥ ልበል? የትኛው ወንድ ነው እንዲህ የሚለው?»

«አባዬ፣ አንተን ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ዳግመኛ እኔን ብለሽ አትዋሺኝ።»

ያደታ «ምርቃት የመራቂው አይደለም፣ የተመራቂው ነው። ቀልቤሳና ሶረቲ ይወስኑ» አለ። እኔም አያንቱም ተቀበልን።

ያን ያልኳትን ክፉ ቃል ሽማግሌ ፊት አነሳሁ። እጄን ራሷ ላይ ጫንኩ። በስሟ ጠርቼ መረቅኋት። አያንቱ። አልተሳሳትኩም።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ሙሉውን ወሰዱ። ዛሬ ቀልቤሳ ደወለ።

«ኦቦ ኦሊቃ! አንዷን ሶረቲ መች ቻልኳትና ሦስት ጊዜ ይድሩኛል?» ብሎ ሳቀ፤ ከጀርባው የቤቱ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሶረቲ ስልኩን ነጠቀችው። «ይተዉት አባባ፣ ይህ ሰው ቁም ነገር አያውቅም። እኛ ስንጋባ ቪዲዮ የት ነበር? የራሴን ምርቃት ገና አሁን በዓይኔ አየሁት። ግን የልጄ ቀረ።»

የልጄ ቀረ አለች። ሦስት ጊዜ መርቄ፣ ኦብሴ እስከ ዛሬ አልተመረቀችም። ከየካቲት ጀምሮ ስለ ራሴ ስጮህ፣ ይህን አንድ ቀን አላሰብኩትም።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ጾሙ ተፈታ። ኦብሴና ባሏ ለዳግማይ ትንሣኤ ቤቴ ይመጣሉ። እዚሁ ግቢዬ ውስጥ እመርቃቸዋለሁ፤ ዛኪር ይቀርጻል፤ አያንቱ ከሠርጉ ፊልም ላይ ቦታውን ከፍታ ትቀጥለዋለች። አዲሱን ሶፍትዌር ለምዳዋለች፤ ጣቷ ይሮጣል። ቀለሙን ከጥር ወሩ ፊልም ጋር አመሳስላለሁ፣ ማንም አይለየውም ትላለች።

«ደግሞ አትጨነቅ አባዬ» አለችኝ፤ «ብትሳሳት እናቆምና እንደገና ትላለህ። አንድ አንድ ቃል እያልክም ቢሆን እገጣጥመዋለሁ። ማሽኑ ይችላል።»

ማሽኑ መቻሉን አውቃለሁ፣ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ከቁርጥራጭ የተሰፋ ምርቃት ግን አልመርቅም። ቆሜ፣ አንዴ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ካልሆነም አይሆንም።

ውዴ «እኔ አጠገብህ ልቁም? ስማቸውን በጆሮህ እልልሃለሁ» አለች። ተቆጣኋት። ከዚያ ብዙ ቆይቼ «ከኋላዬ ቁሚ» አልኳት።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ ከሰዓት

ነገ ነው። ዛኪር ብርሃኑን አይቶ ሄደ፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከዛፉ ሥር ይሁን አለ። ሱሃይላ ከጠዋት ጀምሮ አብራኝ ተቀምጣለች፤ ዛሬ ፍርድ ቤት የለም።

ጻፊ። ሙሽሪት ኦብሴ። የቀልቤሳና የሶረቲ ልጅ። ሙሽራው ሰንበታ። ስማቸው በአፋቸው ቢጠራ ምን ነውር አለው? ነገ ከመጀመሬ በፊት «ስማችሁን ለሕዝቡ ተናገሩ» እላቸዋለሁ፤ ሥርዓቱ እንዲህ ነው እላለሁ። ማነው አይደለም የሚለኝ?

አሁን ዝም በይና አድምጪኝ። እንዳትነግሪኝ። ሆራ ቡላ። በሉ አሜን በሉ። ውለዱ፣ ክበዱ። ቤታችሁ እንግዳ አይጣ። ልጆቻችሁን ዳሩ፣ የልጅ ልጅ እቀፉ። ኦብሴ፣ የእናትሽን ዕድሜ፣ የአባትሽን ሳቅ ይስጥሽ። ከባልሽ ጋር አርጂ። ኦብሴ እና...

ኦብሴ እና...

አትንገሪኝ አልኩሽ። ቅድም ብዬዋለሁ፣ አጠገቧ የቆመው፣ ረዥሙ ልጅ። ጽፈሽዋል።

እሺ። ከላይ አለ። አንብቢልኝ።